«ስሜ ለምን ነው»፦ ስለ ገጣሚው ለምን ሲሳይ እናውራ

ፍኖተ ቃል (የውይይቱን ክር የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ስለ ለምን ሲሳይ ሰው ሲያወራ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ወሬው ግን ሁሌም አንድ ነው። «እናቱ ኢትዮጵያዊት ናት፤ እንግሊዝ አገር ትልቅ ሰው ሆነ» ይባልና ያበቃል። ግጥሙን ያነበበ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። ይሄ ነገር ሲከነክነኝ ቆየ። ዛሬ ክሩን ከፈትኩት። ሕይወቱንም እናንሣ፣ ሥራው ላይ ግን ቆየት እንበል። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ለማታውቁት በአጭሩ። እናቱ በ1960ዎቹ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ የሄደች ወጣት ነበረች። ነፍሰ ጡር ሆነች። ያላገቡ እናቶች ወደሚያርፉበት ቤት ላኳት። ቤቱ ዊጋን ነበር። ዊጋን በሰሜን እንግሊዝ ያለች፣ ድሮ የከሰል ማዕድንና የጥጥ ፋብሪካ ከተማ የነበረች ናት። ልጁ እዚያው አጠገብ፣ ቢሊንጅ በሚባል ቦታ፣ ሜይ 21 ቀን 1967 ተወለደ።

እሷ የፈለገችው ትምህርቷን እስክትጨርስ ለጊዜው የሚይዝላት ቤተሰብ ነው። የጉዲፈቻ ወረቀት ላይ ፈርሚ ስትባል አልፈረመችም። ጉዳዩን የያዘው የመንግሥት ሠራተኛ ግን ሕፃኑን ለአንድ ነጭ የባፕቲስት ቤተሰብ ሰጠ። እንደ ጉዲፈቻ ቁጠሩት አላቸው። ስሙንም ኖርማን አለው። ኖርማን የሠራተኛው የራሱ ስም ነው።

ልጁ እስከ 12 ዓመቱ እናትና አባቴ ናቸው ብሎ አደገ። ከዚያ ቤተሰቡ አስወጣው። ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ገባ፤ እነሱም ዳግም አልጠየቁትም። አራት ማሳደጊያ ተፈራረቀበት። የመጨረሻው ዉድ ኤንድ የሚባለው እስር ቤት የሚመስል ነበር። 18 ሊሞላው ሲል በቃህ፣ ውጣ ተባለ። ሲወጣ ሁለት ወረቀት ሰጡት። አንዱ የልደት ምስክር ወረቀቱ ነው። ሌላው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የጻፈችው እናቱ ናት። ገና ሕፃን ሳለ ለዚያው ሠራተኛ የጻፈችው ነው። ልጄን እንዴት አድርጌ ነው መልሼ የማገኘው ትላለች። በልደት ወረቀቱ ላይ ደግሞ ኖርማን የሚል ስም የለም። ለምን ሲሳይ ይላል።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ይህ ልጅ በ14 ዓመቱ እጁ ላይ ሁለት ፊደል ተነቅሶ ነበር። የስሙንና የአሳዳጊዎቹን ስም መነሻ ፊደላት። የራሱ ስም መስሎት። ንቅሳቱ ዛሬም አለ። ስሙ ግን አልነበረም። ቆዳህ ላይ የሰው ስም ተጽፎ ስታገኘው ምን ይሰማሃል?

በ2019 የወጣው የሕይወት ታሪኩ ርዕስ «ስሜ ለምን ነው» የሚል ነው። እንግሊዞች ይህን ርዕስ ለመረዳት ማብራሪያ ይፈልጋሉ። ስሙ በእናቱ ቋንቋ «ለምን» የሚለውን የጥያቄ ቃል ማለት መሆኑ ሊነገራቸው ይገባል። እኛ ግን ርዕሱን አንብበን ስንጨርስ ሁሉንም ሰምተነዋል። ስሙም ነው፤ ጥያቄውም ነው። እሱ ራሱ ስሙን ከማወቁ በፊት ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ሊያነብለት ይችል ነበር። በዊጋን ግን የሚያነብለት ሰው አልነበረም።

የትኛውን ሥራውን አንብባችኋል? የትኛውስ ያዛችሁ?


ኦክስፎርድ ሮድ

ማንቸስተር ነው የምኖረው፤ 11 ዓመት ሆነኝ። የለምንን ግጥም መጀመሪያ ያነበብኩት በመጽሐፍ አይደለም፣ በአውቶቡስ መስኮት ነው። ኦክስፎርድ ሮድ ላይ፣ ከአንድ ምግብ ቤት በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ትልቅ ሆኖ ተጽፏል። «ዝናብ» ይባላል።

መጀመሪያ ሳየው አልገባኝም። ፊደሎቹ የተዘበራረቁ መሰለኝ። ከግራ ወደ ቀኝ አነበብኩ፤ ቃል አይሆንም። ለሳምንታት እንደዚሁ አለፍኩት። አንድ ቀን አውቶቡሱ መብራት ይዞት ቆመ። እኔ ፎቅ ላይ፣ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። ዝናብ ይጥል ነበር። ውሃው በመስታወቱ ላይ ወደ ታች ሲወርድ ዓይኔም አብሮ ወረደ። ለካ ግጥሙ የሚነበበው ከላይ ወደ ታች ነው! ፊደሎቹ ይዘንባሉ። ነገሩ ስለ ማንቸስተር ዝናብና ስለ ቀስተ ደመና ነው። ከተማዋ በዝናብ ትታማለች፤ እሱ ደግሞ ሐሜቱን ወስዶ ክብር አደረገው።

ሌላም አለ። ረሾልም በሚባለው ሰፈር ሃርዲስ ዌል የተባለ መጠጥ ቤት ነበረ፤ ግድግዳው ላይ ግጥሙ ተጽፎ ነበር። ቃላቱ በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ናቸው፤ እየተከታተሉ ይወርዳሉ። ቲብ ስትሪት ላይ ደግሞ ንጣፍ ድንጋዩ ላይ ነው የተጻፈው። እየረገጥከው ታነበዋለህ። ይሄ ሰው መጽሐፍ ለማይገዛ ሰው የሚጽፍ ገጣሚ ነው። ለዚህ ነው የምወደው።


ጠጠር ቃል

ወንድም ፍኖተ፣ ክሩን ስለከፈትክ አመሰግናለሁ። እኔ ግን ሁለት ነገር ልበል፤ ቅር አይበላችሁ።

አንደኛ፣ ሰውየው እንግሊዛዊ ገጣሚ ነው። የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ያደገው ላንክሻየር ውስጥ ነው። ገና በ17 ዓመቱ ከሥራ አጥ ድጎማው ቆጥቦ ያሳተማትን ትንሽ የግጥም መድበል የሸጠው አድማ ላይ ለነበሩ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ነው። ይሄ የእንግሊዝ ታሪክ ነው። የኛ ነው ብለን ስንሻማ ያኔ ያልነበርንበትን ነገር የወሰድን ይመስለኛል።

ሁለተኛ፣ እውነቱን ለመናገር ግጥሙ ይቀለኛል። በየጠዋቱ በትዊተር ሲያወጣቸው የነበሩትን አራት አራት መስመሮች አይቻለሁ። ደስ ይላሉ፤ ግን ያልፋሉ። እኔ ቅኔ ለምዶብኝ ይሆናል። ግጥም ሲፈታ የሚያታግል መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።


ጡረተኛው መምህር

ልጆች፣ እንደምን አላችሁ። ከ30 ዓመት በላይ አማርኛ አስተምሬያለሁ። ስለ ስሙ አንድ ነገር ልጨምር።

በኛ አገር ጥያቄ የሆነ ስም አዲስ አይደለም። ማን ያዘዋል፣ ማን ይንገረው፣ ምን ይሻው፣ ምን ይችል እያልን እናወጣለን። ስም አውጪው በዚያች ሰዓት የሚናገረው ነገር አለ። ለጎረቤት የማይነገር፣ ለአማት የማይነገር ነገር በልጅ ስም ይነገራል። አንዲት ብቸኛ ወጣት በሰው አገር ወልዳ ልጇን «ለምን» ስትለው፣ ማንንና ምንን እየጠየቀች እንደነበር እኔ አልገምትም። ግን ያገሬን የስም አወጣጥ አውቃለሁና ስሙ ደብዳቤ መሆኑን አውቃለሁ።

አሁን ደግሞ ቃሉን እዩት። «ለምን» ላልቶ ሲነበብ ጥያቄ ነው። «ም»ን አጥብቃችሁ አንብቡት። ትእዛዝ ይሆናል፤ «ለምን!» ማለትም ልመናን አቅርብ ማለት። ጽሕፈቱ አንድ ነው። ኅብረ ቃል የምንለው እንዲህ ያለውን ነው። እናቱ ይህን አስባ አወጣችው እያልኩ አይደለም፤ ቋንቋው ግን ሁለቱንም ይዞታል። ፍኖተ እንደነገረን ደግሞ ደብዳቤዋ ሁለቱም ነበር። ላልቶ ጥያቄ፣ ጠብቆ ልመና። «ሲሳይ» የሚለውን እንግዲህ አልተረጉምላችሁም። እያንዳንዳችሁ እናታችሁ ቤት ተምራችኋል።


ፍኖተ ቃል

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ይሄን የጠብቆና የላልቶ ነገር አንድም ቀን አላሰብኩትም ነበር። ደጋግሜ አነበብኩት።

ጠጠር፣ የመጀመሪያው ነጥብህ ላይ እስማማለሁ። የኛ ነው ብለን እንሻማ አላልኩም። ቅሬታዬም እሱ ላይ ነው። ትልቅ ሰው ሲሆን ስሙን እናነሳለን፤ ሥራውን ግን አናነብም። የዊጋን፣ የማንቸስተር ገጣሚ ነው። ያ ቢሆንም እኛ ስናነበው የምንሰማው ነገር አለ፤ ጋሼ እንዳሳዩን። ሁለተኛው ላይ ግን አልስማማም። «የቃየል» የሚለውን ሥራውን ያየ ሰው ካለ እስኪ ይጻፍ።


የንጋት ሠራተኛ

እኔ አይቼዋለሁ። በየቀኑ ነው የማየው።

ለንደን መሐል ከተማ፣ ባንኮቹና ኢንሹራንሶቹ ባሉበት ሰፈር የቢሮ ጽዳት እሠራለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ አውቶቡስ እይዛለሁ። ስጨርስ ሰዎቹ ገና ወደ ቢሮ ሲገቡ ነው። ወደ ፌርማታ ስመለስ ፌን ኮርት በምትባል ትንሽ አደባባይ አቋርጣለሁ። እዚያ የድንጋይ ዓምዶች ቆመዋል፤ 17 ናቸው፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። ፊት ለፊታቸው አንድ መድረክ የመሰለ ድንጋይ አለ። ድንጋዮቹ ላይ ቃላት ተቀርጸዋል።

ብዙ ጊዜ የመቃብር ነገር ይመስለኝ ነበር። አንድ ጠዋት ዝናብ አባርቶ ድንጋዩ እርጥብ ነበር። ፊደሎቹ ውስጥ ውሃ ቆሞ ጎልተው ታዩኝ። ቁጭ ብዬ አነበብኩ። የገጣሚው ስም ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። ለምን ሲሳይ! ብቻዬን ጮክ ብዬ አልኩት። አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝ።

ከዚያ ልጄን ጠየቅኳት፤ እሷ ዩኒቨርሲቲ ናት። እንግሊዝ የባሪያ ንግድን በሕግ ያስቀረችበትን 200ኛ ዓመት ለማሰብ የተሠራ ነው አለችኝ። ዓምዶቹን የሠራው ማይክል ቪሶቺ የተባለ ቀራፂ ነው። በ2008 የመረቁት ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ናቸው። ዓምዶቹ ሸንኮራ አገዳም ይመስላሉ፣ ቆሞ የሚሰማ ሕዝብም ይመስላሉ። መድረኩ የሰባኪ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ለጨረታ የሚጠራበትም ሊሆን ይችላል። እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ በመሐላቸው ሳልፍ እግሬ ይከብደኛል። ስለ ግጥሙ ራሱ የምታውቁ አስረዱኝ፤ የአክሲዮን ገበያ ቃላት ይበዙበታል፣ ብዙውን አልተረዳሁትም።


ፍኖተ ቃል

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከኛ ይልቅ አንቺ ነሽ ያነበብሽው።

እንግዲህ ጠጠር ቃል ስማኝ። የግጥሙ ርዕስ በእንግሊዝኛ «ጊልት ኦቭ ኬን» ነው። «ጊልት» በአንድ አጻጻፍ የወርቅ ቅብ ማለት ነው። በገንዘብ ገበያ ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት የሚሸጠው የብድር ሰነድ ነው። በሌላ አጻጻፍ፣ በተመሳሳይ ድምፅ፣ በደል ማለት ነው። «ኬን» ቃየል ነው፤ ወንድሙን የገደለው። በተመሳሳይ ድምፅ ሸንኮራ አገዳ ነው። ባሪያዎቹ በካሪቢያን ያለሙት አገዳ! ሁለት ቃል ውስጥ ስንት ነገር ገባ? ላዩ ወርቅ፣ ውስጡ ደም። ቅኔ ለምዶብኛል ያልከው ወንድሜ፣ ይሄ ሰምና ወርቅ ካልሆነ ምንድነው?

ግጥሙ የመጽሐፍ ቅዱስን ቃልና የነጋዴውን ቃል ያላትማል። የገበያው ቃላት ሁሉ ድርብ ትርጉም አላቸው። የተቀመጠውም ገንዘቡ በሚንቀሳቀስበት ሰፈር መሐል ነው። ያ ሰፈር ከባሪያ ንግድ ያተረፈ ሰፈር ነው። ሰዎቹ በየጠዋቱ የሚናገሩትን ቃል ራሱን ድንጋይ ላይ ጽፎ መለሰላቸው።


ጠጠር ቃል

ተቀብያለሁ። ይሄን ግጥም አላውቀውም ነበር። ዛሬ ማታ ፈልጌ አነበዋለሁ። ያለማንበቤን ደግሞ አንተ ከመጀመሪያው ነው የነገርከን።

የጠዋቶቹ ግን አሁንም ይቀሉኛል።


ስንኝ

ጠጠር ቃል፣ የጠዋቶቹን እኔ ልከራከርልህ። ከአሥር ዓመት በላይ ጎህ ሲቀድ አንድ አጭር ግጥም እየጻፈ ለሕዝብ ሲያወጣ ነበር። የተመረጡት በ2023 መጽሐፍ ሆነው ወጥተዋል። አራት መስመር ናት እያንዳንዷ፤ ቤት ትመታለች። እኛ አገርም አራት ስንኝ አናሳ ነገር አይደለም። ለቅሶ ላይ አልቃሿ የምታወርደውን አስብ። አጭር ነው፤ ግን ቤቱን ሁሉ ያነቃንቃል።

በጣም የታወቀችው የሌሊትና የብርሃን ናት። ሌሊት ብርሃንን ይጠይቃል፤ እንዴት ነው በየቀኑ ተነሥተህ የምታበራው ይለዋል። ብርሃን መልስ ይሰጣል። የመልሱ የመጨረሻ ሐረግ ነው ያስቸገረኝ። በእንግሊዝኛ ከሱስ የሚላቀቁ፣ ከሐዘን የሚያገግሙ ሰዎች ለራሳቸው የሚሉት ቃል ነው። ሁሉንም ቀን በአንዴ አትሸከም፣ ዛሬን ብቻ ያዝ ማለት ነው። ወደ አማርኛ ስመልሰው ሦስት ቀን ፈጀብኝ። «ቀን በቀን» አልኩ፤ በየቀኑ ማለት ሆነብኝ። «ቀስ በቀስ» አልኩ፤ ቀኑ ጠፋ። ምን ትላላችሁ?


ኦክስፎርድ ሮድ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አይሆንም?


ስንኝ

አይሆንም። ተረቱ ውስጥ እንቁላሉ በመጨረሻ ዶሮ ሆኖ ይሄዳል፤ የሚደረስበት ቦታ አለ። ብርሃኑ ግን የትም አይደርስም። ነገም መልሶ ይነሣል፣ በቃ። ሱስ የተዋጋ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ወንድሜ ጫት ሲተው አይቻለሁ። «ተውኩት» አይልም ነበር። «ዛሬ አልቃምኩም» ነበር የሚለው።


የንጋት ሠራተኛ

እናቴ ብትሆን «የዛሬን በዛሬ» ትል ነበር። ስንጨነቅ እንደዚያ ነው የምትለን። «የዛሬን በዛሬ ልጄ፣ የነገን እሱ ያውቃል።»


ስንኝ

የዛሬን በዛሬ! እትዬ፣ አገኙት። ሦስት ቀን ሙሉ የፈለግኩት እናትዎ አፍ ላይ ነበር።


ጡረተኛው መምህር

ልክ ነው፤ ይህ ነው። ከመጽሐፉም ይገጥማል፤ «ለነገ አትጨነቁ» ይላልና። ቤት እንዲመታልሽ ግን «በዛሬ» ላይ የሚያርፍ ሌላ ስንኝ ፈልጊ፤ «በፍሬ» ወይም «አብሬ» አለልሽ።


አደራ

ሰላም። እኔ በሙያዬ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነኝ፤ ሊድስ ነው የምሠራው። ስለ ግጥሙ ከናንተ እየተማርኩ ነው። ስለ ወረቀቱ ግን ልናገር፤ የኔ ሥራ ወረቀት ነውና።

በእንግሊዝ ሥርዓት ልጅን ለጊዜው በሌላ ቤተሰብ ማኖርና ጉዲፈቻ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን እኔ ለአበሻ ቤተሰቦች ሳስረዳ «አደራ» ነው የምለው። ወዲያው ይገባቸዋል። አደራ ባለቤት አለው፤ ተመላሽ ነው። የለምን እናት የሰጠችው አደራ ነበር። የተደረገው ግን ሌላ ነው። በኛ ቋንቋ እንዲህ ላደረገ ሰው ስም አለን፤ አደራ በላ እንለዋለን። እዚህ ላይ አደራ የበላው ተራ ሰው አይደለም፣ መሥሪያ ቤት ነው።

ለምን ሲሳይ ከ18 ዓመቱ ጀምሮ መዝገቤን ስጡኝ እያለ ጠየቀ። መዝገቡ እጁ የገባው በ2015 ነው። 30 ዓመት ገደማ! የሰው ልጅነት በአራት ወፍራም ክላሰር። ለኛ ልጅነታችንን የሚነግሩን አክስትና አጎት አሉ። ለሱ የሚነግረው ያ ክላሰር ብቻ ነበር። «ስሜ ለምን ነው»ን ያላነበባችሁ አንብቡት። የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤዎች ራሳቸውን ነው ያተማቸው። ቀኑ፣ ማኅተሙ፣ በታይፕ የተመታው ፊደል ሁሉ አለ። በየምዕራፉ መግቢያ ላይ አራት መስመር ግጥም ያኖራል፤ ከዚያ ሰነዱ ይቀጥላል። እኔ ያንን ሳነብ ልቤን የነካኝ የክፋት ቃል አይደለም። የክፋት ቃል እምብዛም የለም። «ልጁ ደስተኛ ነው፣ ተግባቢ ነው» የሚሉ ሪፖርቶች ናቸው። ሰዎቹ ጥሩ ነገር እየጻፉ ነው ሕፃኑ የጠፋው። ከዚያ በኋላ ሪፖርት በጻፍኩ ቁጥር ልጁ አድጎ ያነበዋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ሌላ ደግሞ፣ በ2017 ሮያል ኮርት በሚባለው የለንደን ቲያትር ያደረገው አለ። ካሳ ለመጠየቅ የሥነ ልቦና ባለሙያ ስለ ጉዳቱ ሪፖርት ጽፈው ነበር። ሪፖርቱን አላነበበውም። መድረክ ላይ ተቀመጠ፤ ተዋናይቷ ጁሊ ሄዝሞንድሃልግ ጮክ ብላ አነበበችለት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ከተመልካች ጋር ነው። አንድ ምሽት ብቻ ነበር፤ ኤፕሪል 30። በቀጣዩ ዓመት የዊጋን አስተዳደር ይቅርታ ጠየቀው፣ ካሳም ከፈለ።


ኦክስፎርድ ሮድ

አሳዳጊዎቹ ላይ ግን ቃል አጣሁ። 12 ዓመት ያሳደጉትን ልጅ! እግዚአብሔርን እናውቃለን እያሉ!


አደራ

ይገባኛል ወንድሜ። እኔም መጀመሪያ ስናደድ ነበር። ገና ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ፤ ልጁ ለዘለዓለም ያንተ ነው ተብለው ነበር። ያንን ያላቸው ሥርዓቱ ነው። ለድርጊቱ ምክንያት እየፈለግኩላቸው አይደለም፤ ልጁን ተጎድቶ አይቻለሁ በየገጹ። ለምን ሲሳይ ራሱ ግን በመጽሐፉ አይሳደብም። ሰነዱን ያስቀምጥና ይሄዳል። ይሄ የገጣሚ ጥበብ ነው ወይስ የልብ ስፋት፣ እኔ መለየት አልቻልኩም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተው። ከ2013 ጀምሮ በማሳደጊያ አድገው ለወጡ ወጣቶች የገና ምሳ ያዘጋጃል፤ ማንቸስተር ነው የጀመረው። አሁን በብዙ ከተሞች ይደረጋል። ገና ቀን እንግሊዝ አገር አውቶቡስ እንኳን እምብዛም አይሠራም። ቤተሰብ የሌለው ልጅ ያን ቀን የሚሄድበት የለውም። ምሳውን ለማዘጋጀት ሁለት ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰሃን ሳነሣ አንዱ ልጅ «ቦታዬ ላይ ስሜ ተጽፏል» ብሎ ካርዱን ኪሱ ሲከት አየሁት። ባዶ ካርድ ነው። ስም ብቻ ያለበት።


ጠጠር ቃል

የቃየልን አነበብኩት። ሁለቴ። ፍኖተ፣ ልክ ነበርክ።

እግረ መንገዴን ሌላ አገኘሁ። ለንደን ኦሎምፒክ 2012 ጊዜ ይፋዊ ገጣሚ ነበር። በኦሎምፒክ ፓርኩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር በከለለ የእንጨት አጥር ላይ ግጥሙ ተቀርጿል። «እሳት ቀላቢዎቹ» ብዬዋለሁ በአማርኛ፤ የእሳት ብልጭታን ከአየር ላይ የሚይዙ ማለት ነው። የክብሪት ፋብሪካ ሴቶች ታሪክ ነው። ከፓርኩ አጠገብ፣ ቦው በሚባል ሰፈር፣ ብራያንት ኤንድ ሜይ የሚባል ፋብሪካ ነበር። በ1888 ሴቶቹና ልጃገረዶቹ ሥራ አቁመው ወጡ። 1,400 ገደማ ነበሩ። ክብሪቱ የሚሠራበት ነጭ ፎስፈረስ መንጋጋቸውን እየበላ ይገድላቸው ነበር። አድማውን አሸነፉ። ስለ ሯጭ ይጽፋል ብለው የጠበቁት ሰውዬ ስለ ክብሪት ሠሪ ሴቶች ጻፈ! ያውም መብራት በሚያልፍበት ሳጥን ላይ! ይሄን ቦታ የመረጠ ሰው ቀላል ገጣሚ አይደለም። ቃሌን አንሥቻለሁ።


ፍኖተ ቃል

ጠጠር፣ አክብሬሃለሁ። መድረክ ላይ ቃሉን የሚያነሣ ሰው ብርቅ ነው።

ለንባብ ለምትፈልጉ፦ በ1988፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ የመጀመሪያውን ሙሉ የግጥም መጽሐፉን አወጣ። በዚያው ዕድሜው ነው እናቱን ያገኛት፤ ጋምቢያ፣ ለተባበሩት መንግሥታት ስትሠራ። አባቱን ግን አልደረሰበትም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪ ነበር፤ በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል። የተመረጡ ግጥሞቹ «ወርቅ ከድንጋይ» በሚል ርዕስ በ2016 ወጥተዋል። ከሱ ጀምሩ። ድራማ የምትወዱ ደግሞ የደራሲው ቤንጃሚን ዘፋንያን «ስደተኛው ልጅ» ልብ ወለድ ለመድረክ ያዘጋጀው እሱ ነው፤ በ2013፣ ሊድስ። ባለታሪኩ ዓለም ይባላል፤ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለርም (የክብር ኃላፊ) ነበር ከ2015 እስከ 2022፤ በምርጫ አሸንፎ ነው የገባው። እጁ ላይ ያ ንቅሳት እያለ ዲግሪ ሲሰጥ፣ እየጨበጠ። ያን ፎቶ ባየሁ ቁጥር እጁን ነው የምፈልገው።


ሰሜን ባሕር

ሰላም። ይቅርታ፣ አማርኛ ጥሩ አይደለም። እየተማርኩ ነው። አራት ዓመት።

እኔ ኔዘርላንድ ነኝ። ጉዲፈቻ። ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ መጣሁ። ቤተሰቤ እዚህ ጥሩ ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ። ስሜ እዚህ ሌላ ነው። ግን የድሮ ወረቀት አለ። በወረቀቱ ላይ ስሜ «ምንተስኖት» ነው። አንድ ሰው ጠየቅኩ፤ ትርጉም የለውም አለኝ። መዝገበ ቃላት ፈለግኩ፤ የለም።

የናንተን ውይይት በትርጉም ማሽንና በመዝገበ ቃላት አነበብኩ። ሁለት ቀን። መምህሩ ስለ ስም ጻፉ። ስሜ ጥያቄ ነው? ወይስ ምንም አይደለም?


ፍኖተ ቃል

ወንድሜ እንኳን ደህና መጣህ። አማርኛህ ጥሩ ነው። ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ነው።


ጡረተኛው መምህር

ልጄ ምንተስኖት፣ እንኳን ደህና መጣህ።

መዝገበ ቃላት ላይ ያጣኸው አንድ ቃል ስላልሆነ ነው። ሁለት ቃል ነው፤ «ምን» እና «ተስኖት»። ተሳነው ማለት አቃተው፣ ከአቅሙ በላይ ሆነ ማለት ነው። «ምን ተስኖት?» ማለት «እሱን ምን አቅቶት?» ማለት ነው። እሱ የተባለው እግዚአብሔር ነው። አዎ፣ ጥያቄ ነው። ግን መልሱን የሚያውቅ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ምንም አይሳነውም ማለት ነው።

ይህን ስም ያወጣልህ ሰው ተጨንቆ ነበር። ግን ተስፋ አልቆረጠም። ትርጉም የለውም ያለህ ሰው አልገባውም።


ሰሜን ባሕር

አመሰግናለሁ። አመሰግናለሁ።

እንዴት ይነበባል? የሚጠብቅ ፊደል አለ?


ጡረተኛው መምህር

የሚጠብቅ የለም። ሁሉም ላልቶ ነው፤ ቀስ ብለህ፣ ሳትጫነው።

በጽሑፍ አይሆንም። በድምፅ ቀርጬ በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ። ባለቤቴም አብራኝ ጠርታሃለች፤ የሁለታችንንም ስማ።